ከሞልፍሪድ ታንከር የወጣው

ይሄ የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ፣ በዓይኔ እያየሁ የሆነ።

ሰዓቱን ልንገራችሁ፤ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ። ቦታው ሰሜን ኖርዌይ፣ ግሮሆልም የምትባል ዘጠና ሰው የማይሞላባት ደሴት ወደብ ላይ። ወሩ ኦክቶበር።

ሌሊት አልነበረም። ውሻ አላላዘነም። እዚህ ቻናል ላይ የምትልኳቸውን ታሪኮች አነባለሁ፤ ግማሹ ላይ በር ሲጢጥ ይላል፣ ግማሹ ላይ መብራት ይጠፋል። የእኔ ታሪክ ውስጥ ያለው ናፍጣ ነው።

የቆሸሸ ናፍጣ።

ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ስሜ ሂልዱር ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ትሮንድሃይም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ ሻጋታ፣ በዓይን ስለማይታይ ሕይወት ነው። ይሄን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ለማንኛውም ነገር ስም አለው ብዬ የኖርኩ ሰው መሆኔን እንድታውቁ ነው።

አባቴ ቶርላይፍ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሞልፍሪድ የምትባል የእንጨት ጀልባ አለችው፤ በዕድሜ ከእሱ ብዙም አታንስም። በዚያ ሰሞን ሞተሯ ሁለት ጊዜ ባህር መሃል ቆመበት።

ሁለቱም ጊዜ ማዕበል ሲነሳ።

ሁለቱም ጊዜ ፊልትሮውን ቀየረና “ተስተካከለ” አለኝ በስልክ።

አልተስተካከለም። ፊልትሮ መቀየር ማለት የሳንባ ምች የያዘውን ሰው ንፍጡን መጥረግ ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሕፃን ልጅ ይገባዋል፤ የግሮሆልም ወንዶች ግን አይገባቸውም። አሮጌ ታንከር ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ውሃው ከናፍጣው ስር ይተኛል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል፤ ከላይ ናፍጣውን እየበላ፣ ከታች ውሃውን እየጠጣ። ሲሞት ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይረጋል። ባህሩ ጸጥ ሲል ዝቃጩም ጸጥ ይላል። ባህሩ ሲናወጥ ግን ይነሳል... ቱቦው ውስጥ ይገባል... ፊልትሮውን ይደፍነዋል... ሞተሩ ይታነቃል።

ማለትም ሞተሩ ጥሎህ የሚሞተው በጣም በምትፈልገው ሰዓት ነው።

አባቴ ደግሞ በዚያ ሳምንት በጣም ይፈልገው ነበር። በጋውን ሙሉ ራቅ ብላ ባህር ውስጥ ባለችው ሌላ ደሴት ላይ ሲግጡ የከረሙ አስራ ሰባት በጎች አሉት። ረቡዕ ከሚመጣው ማዕበል በፊት ሊያመጣቸው ነው። ብቻውን። መንገዱ በአለቶች መሃል ነው፤ እዚያ ሞተር የቆመበት ሰው መልህቅ ለመጣል እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ሞተሩ አለቶቹ ጋ ከቆመ አባቴ ይሞታል። ከትሮንድሃይም ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ሰኞ ጠዋት መሣሪያዬን ተሸክሜ ወደብ ስደርስ እንደተለመደው ቆመዋል። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው። የዚህ ደሴት ወንድ ጡረታ የሚወጣው እዚያ ለመቆም ነው።

“ኧረ ዶክተሯ መጣች!” አለ አንዱ። “ናፍጣው ትኩሳት አለው እንዴ?”

“ሞልፍሪድን ምላስሽን አውጪ በያት!”

“ትንሽ አልኮል ጨምሪበት፣ ይለቀዋል። ግማሹን ለታንከሩ፣ ግማሹን ለእኔ።”

“አንተን ለቀቀህ?” አልኩት።

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሌላ ያልሳቀ ሰው ነበረ። ኮልበይን። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሁሉም ጠጋ ብሎ፣ ምርኩዙን ተደግፎ መሣሪያዎቼን አንድ በአንድ ያያል።

“ታንከሩን ልትከፍቺው ነው?”

“ልከፍተው፣ ልመጠው፣ ላጥበው።”

“እስከ ታች?”

“እስከ ብረቱ።”

ዞር ብሎ አባቴን አየው። አባቴ የገዛ ጫማውን አየ።

“አልነገርካትም እንዴ፣ ቶርላይፍ?”

“ምኑን?” አልኩ።

ሃያ ስድስት ዓመት የዚህች ደሴት ልጅ ሆኜ ያኔ ነው የሰማሁት። ግሮሆልም ላይ ሰው አዲስ ጀልባ ሲያወጣ ከአሮጌው ጀልባ ታንከር አንድ ጣሳ ይቀዳል። ከላይ ከንጹሁ አይደለም። ከስር... ከዝቃጩ። ያንን አዲሱ ታንከር ውስጥ ይጨምረዋል። አባቴ ከአያቴ ጀልባ ቀድቷል። አያቴ ከአጎቱ ጀልባ። አጎትየው ከማን እንደቀዳ ማንም ሊነግረኝ አልፈለገም።

“ለምንድነው?”

“መንገድ ያውቃል” አለ ኮልበይን።

“ማን?”

“ነዳጁ።”

ሳቄ አመለጠኝ።

“ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ሁሉ ትውልድ ሻጋታ እንደ እርሾ ከታንከር ወደ ታንከር ስታዋሱ ኖራችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሞተሩን ምን አነቀው ብላችሁ ትገረማላችሁ? በሽታውን እኮ ራሳችሁ ናችሁ የምታሳድጉት! ስሙን ‘መንገድ አዋቂ’ ብላችሁ!”

እነዚያ ቀልደኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ባህሩን ማየት ጀመሩ።

አባቴ ክንዴን ያዘና ወደ ጎን ወሰደኝ።

“አጽጂው። እሺ። ግን አንድ ጣሳ አስቀሪ።”

“አባ...”

“አንድ ብቻ። መልሰሽ ትጨምሪዋለሽ።”

“እሺ” አልኩት።

ዋሸሁ። አምስት ዓመት የተማርኩት በሽታ አጥቤ መልሼ ልዘራ አይደለም።

የታንከሩ ክዳን በአስራ ሁለት ብሎን ታስሯል። ሁሉም ዝገዋል። ሁለቱን ሰበርኳቸው።

ክዳኑ ሲነሳ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነበር የጠበቅሁት። እንዲህ ያለ ታንከር የሚሸተው እንደዚያ ነው።

የሸተተኝ እርጥብ ሱፍ ነው።

እርጥብ ሱፍና... የፒፓ ትምባሆ።

የአባቴ ሹራብ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አባቴ ትምባሆ በአፉ አድርጎ አያውቅም። እሱንም አለፍኩት።

ፓምፑን አስነሳሁ። መጀመሪያ ንጹሁ ናፍጣ መጣ። ከዚያ ውሃው። ከዚያ ዝቃጩ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ቆዳ እየተላጠ የሚመጣ። ይሄ ሁሉ የታወቀ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አለ።

መጽሐፍ ላይ የሌለው ብዛቱ ነው።

የሞልፍሪድ ታንከር መቶ ስልሳ ሊትር ይይዛል። በሃያ ሊትር ጄሪካን ስምንት ማለት ነው።

ስምንተኛውን ሞላሁ። ፓምፑ አሁንም ይስባል።

ዘጠኝ።

አስር።

ሮጬ ሄጄ ከጎረቤት ጄሪካን ለመንኩ።

አስራ ሦስተኛው ሲሞላ ነው ፓምፑ አየር መሳብ የጀመረው።

አባቴ የታንከሩን ልክ ተሳስቷል አልኩ ለራሴ። የዚህ ደሴት ሰው እንኳን የታንከሩን፣ የሚስቱንም ዕድሜ በግምት ነው የሚያወራው።

የዝቃጩን ሙቀት ለካሁ። ልማድ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ የገባ ሰው ሳይለካ አያድርም። ባህሩ ሰባት ዲግሪ ነበር። የጀልባዋ ሆድ ሰባት ዲግሪ ነበር።

ዝቃጩ ሠላሳ ስድስት ተኩል።

መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ጠራርጌ ብብቴ ስር አደረግኩት።

ሠላሳ ስድስት ተኩል።

አልተበላሸም ነበር።

በመጨረሻ በደረቴ ተኛሁና ክንዴን እስከ ትከሻዬ ታንከሩ ውስጥ አስገብቼ ማዕዘኖቹን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። አንዱን ጨረስኩ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ስደርስ...

ጨርቁን ከእጄ ወሰዱት።

አልነጠቁኝም። ቀስ ብለው፣ በትህትና... ማዕድ ላይ በልታችሁ የጨረሳችሁትን ሳህን እንደሚቀበሏችሁ።

ክንዴን አወጣሁ። ባትሪ አብርቼ አየሁ። ታንከሩ ባዶ ነው። ብረቱ ያብለጨልጫል። ጨርቅ የለም።

“አየር ስቦት ነው” አልኩ ጮክ ብዬ።

ለማን እንደነገርኩት አላውቅም።

ለናሙና ትንሽ በጠርሙስ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። እራት ላይ፣ የአባቴ ኮድ ዓሣና ድንች አጠገብ አስቀመጥኩት። ላሳየው ነበር። ተመልከት፣ ስታሳድጉት የኖራችሁት ይሄን ነው ልለው።

ጠርሙስ ውስጥ መስመሩ በደንብ ይታያል። ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ውሃ፣ መሃል ላይ ጥቁሩ። ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። መሆን አለበት።

አጋደለ።

ቀስ ብሎ ወደ ግራ... ቆም አለ... ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ።

ጠረጴዛው አልተነቃነቀም። የብርጭቆዬ ውሃ አልተነቃነቀም። ማዕበሉ ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ብቻ ነበር።

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ።

“ከዚህ አውጪው።”

“የሙቀት ልዩነት ነው። ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ...”

“ሂልዱር። ከቤቴ አውጪው።”

አወጣሁት። ጄሪካኖቹን ያከማቸሁበት የጀልባ ቤት ወስጄ፣ ከአስራ ሦስቱ ጎን አስቀምጬ፣ በሩን ቆለፍኩ። ስመለስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

“አንድ ጣሳ አስቀርተሻል አይደል?” አለ በሹክሹክታ።

“አስቀርቻለሁ።”

“ታንከሩ ውስጥ መልሰሽዋል?”

“መልሼዋለሁ አልኩህ እኮ! አንድ ነገር ስንት ጊዜ ትጠይቀኛለህ?”

“እሺ” አለ። “እሺ። ተባረኪ።”

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወጣ። ንጹህ ታንከር፣ ንጹህ ናፍጣ፣ ሁለት አዲስ ፊልትሮ። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ወደቡ ላይ ላሉት ወንዶች እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ፈገግ አልኩላቸው።

ማንም አልቀለደም። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር፤ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው። ‘የማይረቡ’ አልኩ በሆዴ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጉም ወረደ። እንደ ጣሪያ ከላይ የሚመጣ ጉም አይደለም፤ ከባህሩ እየተንከባለለ፣ ወደቡን እየበላ የሚመጣው ዓይነት።

ጄሪካኖቹን ቆሻሻ ለሚሰበስበው መኪና ላዘጋጅ ብዬ የጀልባ ቤቱን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ለማንሳት ጎንበስ ብዬ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት...

ወደ ኋላ ወደቅሁ።

ባዶ ነው።

ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛው ባዶ። አስራ ሦስቱም። ክዳናቸው እኔ እንዳጠበቅኩት ጠብቋል። ወለሉ ደረቅ ነው። ናፍጣ የሚባል ነገር አይሸትም። ጠርሙሱን አነሳሁ፤ ታጥቦ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

በሩ ላይ ጥላ ሳይ ኮልበይን ነው።

“ማን ነው የደፋው?” ጮህኩበት። “ቀልድ ነው? እናንተ ሽማግሌዎች ሌላ ሥራ የላችሁም?”

“ሁለት መቶ ስልሳ ሊትር ደፍተን የት ደበቅነው? ኪሳችን ውስጥ?”

“ታዲያ የት ሄደ?”

ገባና ባዶ ጄሪካን ላይ ቁጭ አለ። ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

“ቶርላይፍ ዛሬ ጠዋት ጣሳዋን መልሳለች አለኝ። ዓይኑ ግን ሌላ ይል ነበር። መለስሽ?”

ባዶውን ጠርሙስ ወለሉ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ።

“የመጀመሪያው ጣሳ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።”

“ከቴርና ነው። የአያቴ ወንድም ጀልባ። አራት ቀን ማዕበል ሆነ፣ ጠፋች ተባለ። በአምስተኛው ቀን ወደብ ገባች። ሞተሯ እየሠራ... ማንም ሳይነዳት።”

“ሰዎቹስ?”

“ጀልባዋ ገባች ነው ያልኩሽ።”

ከውጭ ምንም አይሰማም። ጉም ድምፅም ይበላል።

“ከዚያ ወዲህ” አለ ኮልበይን፣ “ከዚያ ታንከር የቀዳ ጀልባ ቆሞ ያውቃል። ታንቆ ያውቃል። ሳይመለስ የቀረ ግን የለም።”

“ይሄን ለምን ትናንት አልነገርከኝም?”

“ትናንት ትስቂ ነበር።”

የእጅ ሬዲዮዬን አውጥቼ ጠራሁት። “አባ። ሞልፍሪድ፣ ሞልፍሪድ፣ ትሰማኛለህ?”

ምንም።

ደግሜ ጠራሁ። ምንም። ሞተር ብቻ ነበር የፈራሁት። ሞተሩን ደግሞ እኔ ራሴ አድኜዋለሁ። ንጹህ ሞተር ጉም ውስጥ ሰውን አለት ላይ በሙሉ ፍጥነት ሊወስደው እንደሚችል... ያን ያህል የተማርኩት እኔ አላሰብኩም። አላሰብኩትም።

ኮልበይንን እዚያው ትቼ ወደ ወደቡ ሮጥኩ።

ስምንት ሰዓት ከአርባ። ሰዓቴን አይቻለሁ።

ወደቡ ላይ ማንም አልነበረም። እነዚያ ሁልጊዜ የሚቆሙት እንኳ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቆሙ ብዬ ተመኘሁ። ከጥቂት እርምጃ በላይ ምንም አይታየኝም። እግሬ ስር ያለው እንጨት ብቻ ነው ዓለም።

ከዚያ ሰማሁት። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ... ሞልፍሪድ። በርቀት፣ ሳታቆራርጥ።

ሬዲዮው ተንጫጫ።

“ሂልዱር?”

“አባ! የት ነህ? ሞተሩስ?”

“ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው። አንዴም አላሳለም።”

“ነገርኩህ!” አልኩ። እውነቴን ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ያልኩት እሱን ነው።



“አለቶቹን አላየኋቸውም። መንገዱ ጠፍቶኝ ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። አሁን ግን መብራታችሁን አየሁና ደረስኩ። ወደብ ላይ ነሽ አይደል?”

እጄ ላይ መብራት አልነበረም።

“ነኝ።”

“አየሁሽ። ቢጫ ካፖርትሽን አየሁት። ገመዱን ልወረውር ነው... ሰዎቹን ትንሽ ፈቀቅ በሉ በያቸው።”

“የምን ሰዎች?”

“አጠገብሽ የቆሙትን።”

“አባ... ብቻዬን ነኝ።”

የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እሺ። እሺ ልጄ። አትዙሪ። ወደ እኔ ብቻ እይ።”

“ስንት ናቸው?”

“አትጠይቂኝ።”

ዞርኩ። እኔ ነኝ አትዙሪ ተብዬ የማልዞረው?

ማንም የለም። ጉም ብቻ ነው፤ ከጎኔ፣ ከኋላዬ፣ እንጨቱ ላይ እየተንሳፈፈ። ግን ጉሙ ያልገባባቸው ቦታዎች ነበሩ። እየዞራቸው የሚያልፍ። ጠባብ፣ ቀጥ ያሉ ባዶ ቦታዎች... የሰው ትከሻ ስፋት ያላቸው።

አንዱ ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም።

ገመዱ ከጉሙ ውስጥ መጣ። ልቀልበው እጄን ዘረጋሁ። አልደረሰኝም። ከፊት ለፊቴ፣ አየር ላይ ቆመ።

ከዚያ ተወጠረ። አንድ ክንድ ተሳበ... ሌላ ክንድ ተሳበ... እጅ በእጅ እየተቀባበሉ እንደሚስቡት። ሞልፍሪድ ከጉሙ ወጥታ ጎኗን ወደቡ ላይ አሳረፈች። ቀስ ብላ። አባቴ እንኳ እንደዚያ አሳርፏት አያውቅም።

አባቴ መሪውን ይዞ ቆሟል። የሚያየው እኔን አይደለም። ከጭንቅላቴ በላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከአንድ ፊት ወደ ሌላ ፊት እየሄደ... ያያል።

ኮፍያውን አወለቀ።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለ።

የበጎቹን በር ከፈተ። አስራ ሰባቱም ድምፅ ሳያሰሙ ወረዱ። በግ ስታወርዱ አይታችሁ ከሆነ ይጋፋል፣ ይጮኻል፣ ይበተናል። እነዚህ በአንድ መስመር ሄዱ። መስመሩ ቀጥ ያለ አልነበረም። ባዶው እንጨት ላይ ወደ ግራ ዞር፣ ወደ ቀኝ ዞር... ሰው በበዛበት ገበያ በእግሮች መሃል እንደሚሽሎከለኩት።

ከዚያ አባቴ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ ወረደ። እሱም ትከሻውን አጥብቦ፣ በጎኑ፣ “ይቅርታ... ይቅርታ...” እያለ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ እጄን ያዘኝ። እጁ በረዶ ነው።

በሕይወት ነው። ያን ያህል የፈራሁለት ሰው በሁለት እግሩ ቆሟል። ማቀፍ ነበረብኝ። አላቀፍኩትም።

“አንድም አላስቀረሽም” አለ። ጥያቄ አልነበረም።

“አላስቀረሁም።”

“ሁሉንም አወጣሽ።”

“አባ፣ ሻጋታ ነው! ባክቴሪያና...”

“ታዲያ እነሱ አሁን የት ይደሩ?”

ለዚህ ስም አልነበረኝም።

ሁለታችንም ሞልፍሪድን እያየን ቆምን። ባዶ ጀልባ ናት፤ በጎቹ ወርደዋል፣ ሰው የለባትም። በአንድ በኩል ትንሽ ዘቀጠች። ተመለሰች። ደግማ ዘቀጠች። ሰው ከወደብ ወደ ጀልባ ሲረግጥ እንደምትዘቅጠው... አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩና ተውኩት። አባቴ መቁጠሩን አላቆመም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

እየከበደች ስትወርድ ውሃው የጎኗን ነጭ ቀለም ሸፈነ። ከዚያ አረንጓዴውን። ከጎኗ ከውሃው በላይ የቀረው አንድ ስንዝር ብቻ ነው።

ገመዱ ከማሰሪያው ላይ ተፈታ። አልወደቀም፤ ተጠቅልሎ ጀልባዋ ላይ ተቀመጠ።

“አባ፣ ቁልፉ...” አልኩ በሹክሹክታ።

እጁን ከፍቶ አሳየኝ። ቁልፉ መዳፉ ላይ ነው።

ሞልፍሪድ ከወደቡ ተነሳች። ያለ ሞተር፣ ከሚገባው የባህር ሙላት ተቃራኒ፣ ከብዷት፣ ቀስ ብላ። ጉሙ መጀመሪያ አፍንጫዋን በላው። ከዚያ ሆዷን። የመጨረሻው የታየኝ የመሪው ክፍል መስኮት ነው።

መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ ደፍርሷል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ሲተነፍስ እንደሚሆነው።

ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት...

ከውስጥ የሆነ ነገር መስታወቱን በቀስታ ጠረገው። ክብ አድርጎ። ልክ የአንድ ሰው ፊት በሚያሳይ ስፋት።